የመፍለጫ ማሽን ጥቅምና ጉዳት

ሰኔ 21 ቀን 2001 ዓ.ም.

ይህን ደብተር የሰጠኝ ታናሽ ወንድሜ በኃይሉ ነው። መሥሪያ ቤቱ ግዥ ክፍል ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ስለሠራ፣ ሰው ሁሉ እንደሱ በፋይል የሚኖር ይመስለዋል። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ቁርስ እንኳ ሳይቀምስ አወጣና ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው።

«እቴ፣ የእንጨት መፍለጫ ማሽን መግዛትሽ ካልቀረ በዘፈቀደ አይሆንም። በግራ ገጽ ጥቅሙን፣ በቀኝ ገጽ ጉዳቱን ትጽፊያለሽ። መጨረሻ ላይ ይደመራል፤ ያኔ ትወስኛለሽ።»

መግዛቴ ካልቀረ? ማን እገዛለሁ አለ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ ካረፈ ዘጠኝ ዓመት፣ እዚህ ሶዶ በአርባ ምንጭ መውጫ ያለችው እንጨት መሸጫ ቤት ናት እኔንም ልጄንም ያኖረችን። አሁን አንድ የተማሪዎች ምግብ ቤት ከመስከረም ጀምሮ በየሳምንቱ አንድ አይሱዙ ፍልጥ አቅርቢ ብሎኛል። አዲሱ ምድጃቸው አፉ ጠባብ ስለሆነ እንጨቱ አጭርና እኩል መሆን አለበት። ካልቻልኩ ትእዛዙ ለሌላ ነው። ፈላጬ ቦልቴ ደግሞ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን በአንድ ፋስ ይህን ሁሉ አይደርስበትም። በኃይሉ ይህን ሲሰማ ዓይኑ በራ። ማሽን ይገባል፣ ቦልቴ ይሰናበታል፤ ማሽንም ፈላጭም በአንድ ግቢ ማስቀመጥ «ድርብ ወጪ» ነው አለ።

እንግዲህ እንደታዘዝኩት፦

ጥቅም፦ ፈጣን ነው ይላሉ።

ጉዳት፦ ቦልቴ ሥራ ያጣል። ባለቤቴ ከቀጠረው አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም። ለሠራተኛ ማዘን የክርስቲያን ግዴታ ስለሆነ ነው የምጽፈው።

ሰኔ 26

በኃይሉ ሁለት ፕሮፎርማ ላከ። ሦስተኛው ይመጣል አለ። እኔም ለጥንቃቄ ብዬ ዱቄት ዕቃ ውስጥ አስቀመጥኩና ረሳሁት።

ሰኔ 30

ልጄ ሚስጥር ለክረምቱ ከሐዋሳ ገባች። ሁለተኛ ዓመቷን ጨርሳለች፤ ምላሷ ግን ተመርቆ ሥራ ይዟል። ገና ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ግቢውን ዞር ዞር ብላ አየችና፣

«እማዬ፣ ጠረጴዛሽ ወደ በሩ ነበር የሚያየው። ወደ መፍለጫው ማን አዞረው?» አለች።

«ለብርሃን ብዬ ነው።»

«ብርሃኑ እኮ አሁን ከጀርባሽ ነው።»

ዕቃ ከማራገፏ በፊት ነው እንግዲህ ይህ። ጎደሬ ቀቅዬ በዳጣ አቀረብኩላት፣ አፏ ይያዝልኝ ብዬ። ለቦልቴም አንድ ሳህን ላክሁ፤ የሚበላ ነገር ሲተርፍ መጣል ነውር ነው። ሳህኑን ይዛ የሄደችው ሚስጥር ስትመለስ «ገና ሳይቀርብ የተረፈ ምግብ አይቼ አላውቅም» አለችኝ።

ሐምሌ 8

የመጀመሪያው ማሽን ተጠና። ደላላው ዳልጮ ይባላል፤ ጫማው የሚያብለጨልጭ፣ በክረምት ጭቃ እንኳ የማይቆሽሽ ሰውዬ ነው። በስልኩ ላይ ፎቶ አሳየኝ። ግንዱ በአንድ በኩል ይገባል፣ መጋዙ ይቆርጠዋል፣ ሽብልቁ ይፈልጠዋል፣ በሌላ በኩል ፍልጡ ይወርዳል። እውነቱን ለመናገር ደንቆኛል፤ ፊቴ ላይ ግን አላሳየሁትም።

«በምን ይሠራል?»

«በመብራት።»

እሰይ! መብራት በፈረቃ ሆኖ በሳምንት ስንቱን ቀን በሻማ የምናመሸውን ሰዎች በመብራት የሚሠራ ማሽን ግዙ ይለናል። በቀኝ ገጽ በትልቁ ጻፍኩት። ዳልጮ ስለ ጀነሬተር ሊያወራ ሲጀምር ዝናቡ መጣ ብዬ ሸኘሁት። ዝናቡ የመጣው ቆይቶ ነው፤ ግን መምጣቱ አልቀረም።

ሐምሌ 12

የሚካኤል ማኅበር ነበር፣ ጎረቤት ቤት። የቦልቴ አጎት አቶ ጩማ ኤርካሎ ጨዋታ ያዙ። በእሳቸው ሽምግልና ያልሰመረ ጋብቻ የለም ይባላል። በድሮ ጊዜ አንድ ዘበኛ ለአሠሪው ለባለ ወፍጮዋ ሴት ሽማግሌ ልኮ ነበር አሉ።

«እኔ ነበርኩ የተላክሁት፣ ገና ጎልማሳ ሳለሁ። ሴትየዋ ‹ደመወዙ አልበቃው ብሎ ነው?› ብላ በሳቅ አባረረችን። ከጓዳዋ እየበላህ በሳሎኗ ልግባ አይባልም! መጀመሪያ ከቤቷ ውጣ፣ የራስህን ሥራ ያዝ፤ ከዚያ ሽማግሌ ላክ። እኔ ከዚያ ወዲህ ለደመወዝተኛ አልሄድም፣ ለራሴ ልጅም ቢሆን።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ዕንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። አግዳሚ ወንበር ሊያመጣ የገባው ቦልቴ ብቻ አልሳቀም። የያዘውን ጠላ ሳይጨርስ አስቀምጦ ወጣ። ሆዱን ሳያመው አልቀረም፤ ነገ ጤና አዳም አመጣለታለሁ።

ሐምሌ 20

ሁለተኛው ማሽን። ከትራክተር ጋር ተያይዞ የሚሠራ። ትራክተር የለኝም። አለቀ። ቆንጆ ቀን ነበር።

ሐምሌ 27

ዛሬ ግን ተናደድኩ።

ጠዋት ቦልቴ ኮፍያውን አውልቆ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመ። «እትዬ፣ ነገ አንድ ቀን ፈቃድ ስጡኝ። ተበላ ከተማ ልሄድ ነው» አለ። አሥራ አንድ ዓመት ፈቃድ ያልጠየቀ ሰው! ሰው ሞቶበት ይሆናል ብዬ ደነገጥኩ።

«ምን አገኘህ?»

«አንድ ማሽን አለች አሉ። ያገለገለ፣ በናፍጣ የሚሠራ። ጤነኛ መሆኗን ልይልዎ ብዬ ነው።»

ማን ጠየቀው? ስለ ማሽኗ ከማን ሰማ? እሱን ከሥራው የሚያወጣውን ነገር በገዛ እግሩ ሄዶ ሊመርጥ! ሂድ አልኩት። ምን እላለሁ?

ሐምሌ 29

ተመለሰ። በኪሱ ቋጠሮ የበዛበት ሲባጎ ይዟል። አንደኛው ቋጠሮ የምታስገባው የግንድ ውፍረት፣ ሁለተኛው የፍልጡ ርዝመት፣ ሦስተኛው የምትይዘው መሬት ስፋት ነው፤ በግቢው ውስጥ የት እንደምትቆም ሁሉ ለክቶ አሳየኝ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። እንዴት እንደምትነሳ፣ እንዴት እንደምትጮህ፣ አንድ ሰው ብቻውን እንደሚያሠራት ሁሉ ተናገረ።

«አንተስ?» አልኩት። «እሷ ከገባች ምን ልትሆን ነው?»

መሬት መሬት አየ። «የራሴን ሥራ እሠራለሁ።»

«የት?»

«ገሱባ። ከአባቴ የወረስኩት ባሕር ዛፍ ደርሷል።»

እሺ። የታሰበበት ነገር ነው ማለት ነው። አጎንብሶ ፍልጡን ሲደረድር የነበረው ሰው ልቡ ገሱባ ነበር። ዕቃ ሳጥብ ሁለት ብርጭቆ ሰበርኩ፤ ሚስጥር ምንም ሳትል ጠረገችው። ዝም ስትል ነው የምፈራት።

ነሐሴ 4

ፍልሰታ። ከስድብም ከቁጣም መጾም ነበረብኝ፣ አልቻልኩም።

አንድ መላ ግን አግኝቻለሁ። ፍልጥ ከእኔ የሚወስዱት የሰፈሩ ሴቶች ረጅም እንጨት ነው የሚፈልጉት። በሦስት ጉልቻ መሐል ገፋ ገፋ እያደረጉ ያነዱታል። አጭር ፍልጥ ለምግብ ቤቱ ምድጃ ነው እንጂ ለእነሱ ምን ያደርግላቸዋል? ይህን ለበኃይሉ በስልክ ነገርኩት። ዝም አለ። ዝም ማሰኘት እንዴት ደስ ይላል!

ነሐሴ 5

ደስታዬ አልሰነበተም። ጠዋት ቦልቴ መጣና፣ «እትዬ፣ የርዝመት ማቆሚያዋ ብረት ተነቃይ ናት። ሴቶቹ ረጅም ካሉ ብረቷን መንቀል ነው» አለኝ።

ለምንድን ነው ይህ ሰው እንዲህ የሚያስበው? ጥቅም በሚለው ገጽ ላይ ጻፍኩት። እስክሪብቶው ወረቀቱን ቀደደው።

ነሐሴ 12

በኃይሉ መጥቶ ደብተሩን ልይ አለ። ፕሮፎርማዎቹ ላይ ዱቄት ስላለ ተገርሟል። ደብተሩን አልሰጠሁትም። «ገና አልተደመረም» አልኩት፣ በራሱ ቋንቋ። ምግብ ቤቱ እስከ ጳጉሜ ድረስ ቁርጡን አሳውቂን ብሏል አለኝ። ሲወጣ ከሚስጥር ጋር በር ላይ ተንሾካሾኩ። «መቼም የማታይ እሷ ብቻ ናት» ስትለው ሰማሁ። ስለ ማሽኑ ጥቅም መሆን አለበት።

ነሐሴ 18

ነገ ሳይሆን ከነገ ወዲያ ዳልጮ ማሽኗን በአይሱዙ ያመጣታል፤ እዚሁ ግቢ ትፈተናለች። ፈተናውን ካለፈች እገዛለሁ ብያለሁ፣ በኃይሉ ባለበት። ቃል ነው።

ፈተና ደግሞ ፈተና መሆን አለበት። ከአጥሩ ጥግ ከአሥር ክረምት በላይ የወደቀ አንድ የተጣመመ ግንድ አለ። ከላይ እስከ ታች ጉጥ ነው፤ ባለቤቴ እንኳ በሕይወት ሳለ ሦስት ፋስ ሰብሮበት ትቶታል። ቦልቴን ጠርቼ፣ «ያንን ግንድ ለፈተናው አዘጋጅልኝ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «ያንን?»

«ያንን።»

«እሺ እትዬ» አለ። ዛሬ ጥሩ እንቅልፍ ይወስደኛል።

ነሐሴ 20

አለፈች። ቀጥ ያለ፣ የደረቀ፣ እንደ ሸንበቆ የተስተካከለ ግንድ ነው የገባላት! እንደ ጎመን ከተፈችው። ሰው አጨበጨበ። በኃይሉ ተጠግቶ ሰጋቱራው ከራቫቱ ላይ እስኪከመር ሳቀ። ያ የኔ ጉጣም ግንድ የት ሄደ?

ነሐሴ 21

ማታ ተረጋግቼ ልጻፈው።

ግንዱን የቀየረው ቦልቴ ነው። ማታ ዝናብ ይዞት እዚሁ በግቢው ዘበኛ ቤት ያደረ ጊዜ ጉጣሙን ከፍልጥ ክምር ሥር ደብቆ ሌላ አስቀመጠ። ማንም አልነገረኝም፤ ዛሬ ክምሩን ሳስነሳ ራሴ አገኘሁት። ጠራሁት። አልካደም።

«ለምን?» አልኩት።

«ያንን ግንድ ምንም ማሽን አይችለውም፣ እትዬ። እርስዎም ያውቃሉ።»

«ስለዚህ አታለልከኝ!»

«እርስዎስ?» አለኝ።

እንዲህ ብሎ መልሶልኝ አያውቅም። ደሜ ፈላ። «ለመሄድ እንዲህ ከቸኮልክ አልይዝህም! ማሽኗም ትገባለች፣ አንተም ገሱባህ ትገባለህ፣ ባሕር ዛፍህን አቅፈህ ተኛ!» አልኩት። ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። እሱ ኮፍያውን አድርጎ፣ «እሺ እትዬ» ብሎ ወደ ፍልጡ ተመለሰ። እስኪመሽ በአንድ ቀን ፈልጦት ከሚያውቀው በላይ ፈለጠ።

ምላሴን ነበር መቁረጥ። ምን አደረገኝ? ጥሩ ማሽን መረጠልኝ፤ ሌላ ምን አጠፋ? የምግብ ቤቱ ትእዛዝ እንዳያመልጠኝ ከእኔ በላይ የተጨነቀው እሱ ነው። እኔ ግን... እንግዲህ ሽንኩርት ስከትፍ ነበር፣ ዓይኔ ለዚህ ነው የቀላው። ሚስጥር «ሽንኩርቱ የታለ?» አለች። ልጅ ስትወልዱ ቀስ ብላችሁ ነው መምረጥ።

ነሐሴ 30

ማሽኗ ከገባች ሦስት ቀኗ። በቦልቴ ሲባጎ ልክ የተለካው ቦታ ላይ ቁጭ አለች፤ አንድ ጣት አልጎደለም፣ አንድ ጣት አልተረፈም። በሦስቱ ቀን ቦልቴ ሁለት ሰው አሠልጥኖ አስረከበ።

ጳጉሜ 3

ሩፋኤል። ዝናቡ ዘነበ፤ የሰፈሩ ልጆች ራቁታቸውን ወጥተው ተጠመቁ።

ቦልቴ ሊሰናበት መጣ። ፋሱን በጨርቅ ጠቅልሎ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው። እጀታው እጁ የያዘበት ላይ ጎድጉዷል።

«ይቺን ለሌላ ሰው እንዳይሰጡብኝ» አለ።

«ይዘሃት ሂድ እንጂ። የአንተ ናት።»

«እዚሁ ትቆየኝ።»

ሌላ ነገር ልናገር አፌን ከፈትኩ። የወጣው «መንገዱ ጭቃ ነው፣ ተጠንቀቅ» የሚል ነው። አርባ አምስት ዓመቴ ነው፤ የባል ቤት አይቻለሁ፣ ንግድ አውቃለሁ፣ ደላላ አፍ አዘጋለሁ። ያንን ሰው ግን «አትሂድ» ማለት አልቻልኩም። በምን አንደበት? ሠራተኛዬ ነው፤ አለቃው ሆኜ አትሂድ ብለው ትእዛዝ ይሆናል። ሰዉስ ምን ይላል? በሩ ላይ ቆሜ እስከ መታጠፊያው አየሁት። ዞር አላለም።

ፋሷን አልጋዬ ሥር አስገባኋት። ዝገት እንዳይበላት ነው።

መስከረም 4 ቀን 2002 ዓ.ም.

የመጀመሪያው አይሱዙ ተጭኖ ለምግብ ቤቱ ሄደ። ወጥ ቤት ኃላፊዋ ደውላ አመሰገነች። ማሽኗ በአንድ ጠዋት የሳምንት ሥራ ትጨርሳለች፣ በኃይሉ እንዳለው ሁሉ ሆነ። ከዚያ ትጠፋና ግቢው ጭር ይላል። ድሮ ከጠዋት እስከ ማታ ያ የፋስ ድምፅ ነበር፤ አሁን የራሴን ትንፋሽ እሰማለሁ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚሉት እኔን ነው።

ይኸው ጻፍኩት። ናፈቀኝ። በየትኛው ገጽ እንደሚገባ በኃይሉ ይንገረኝ።

ጠረጴዛዬን ወደ በሩ መልሼ አዞርኩት።

መስከረም 9

ሚስጥር ግድግዳውን ታጥባለች፣ ምንጣፍ ታራግፋለች። ጊፋታ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ እየደረሰ ነው ብላ ነው። በኃይሉ ነገ ጠዋት ኮት ለብሼ እመጣለሁ ብሎ ደወለ። ኮት ለምን? ማሽኗን ልጎበኝ ነው አለ። «ሐምራዊውን ቀሚስሽን ልበሺ» ትለኛለች ይቺ ልጅ። ማሽን ለማስጎብኘት?

መስከረም 10

አንድም ነገር ሳይረሳኝ ልጻፈው።

ከቅዳሴ መልስ በሩ ተንኳኳ። አቶ ጩማ ኤርካሎ፣ ከኋላቸው ሁለት ሽማግሌዎች፣ ሁሉም ነጭ ጋቢ፣ ሁሉም ከዘራ። በኃይሉ ተቀመጡ ቢላቸው «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። ያኔ ነው የገባኝ። ማለቴ፣ ሽማግሌ መሆናቸው ገባኝ፤ የማን እንደሆኑ አልገባኝም። የሚስጥርን እጅ ሊጠይቁ መስሎኝ፣ ገና ትምህርቷን ሳትጨርስ ብዬ ልጮህ ስል እሷ ራሷ ጎትታ ወጥ ቤት አስገባችኝና በሩን ገርበብ አደረገችው።

«ልጃችሁን ሐመልማልን ለልጃችን ለቦልቴ ብለን ነው የመጣነው» አሉ አቶ ጩማ።

እኔን ነው! የወጥ ቤቱን ምሰሶ ያዝኩ።

«ልጃችን ከመጋቢት ጀምሮ ሽማግሌ ሁኑልኝ ሲለን ነበር» ቀጠሉ። «እኛ ደመወዟን እየበላህ አንሄድልህም አልነው። ውጣ ብንለው ደግሞ ያለ ፈላጭ ጥያት አልወጣም፣ መጀመሪያ ማሽን ይግባላት አለ። እሺ ማሽን እስኪገባ ጠበቅን። ሐምሌ ጠበቅን፣ ነሐሴ ጠበቅን። ምን ይደረግ፣ ማሽኑ ዘገየ።»

ማሽኑ ዘገየ! ማን አዘገየው? ፕሮፎርማውን ዱቄት ውስጥ የቀበረው ማነው? ትራክተር የለኝም ብሎ እልል ያለው፣ ጉጣም ግንድ የመረጠው ማነው? ክረምቱን ሙሉ እንዳይሄድብኝ ብዬ በገዛ እጄ መምጫውን ስዘጋበት ነበርኩ። ሳቄም ልቅሶዬም አንድ ላይ መጣ፤ ሚስጥር በነጠላዋ አፌን አፈነችው። ተበላ ከተማ ያለውን ማሽን የጠቆመችው እሷ ናት፤ አሁን ነው የነገረችኝ።

በኃይሉ ጉሮሮውን ጠረገ። «ያው ወንድም ነኝና ደንቡን ልጠብቅ። በግዥ ሥርዓት ሦስት ተወዳዳሪ መቅረብ ነበረበት...» ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ከዚያ ኮስተር ብሎ፣ ሰው ሁሉ እንደሚለው፣ «ለማንኛውም ቤተሰብ መምከር አለበት። ከመስቀል በኋላ፣ እንበል በሦስት ሳምንት፣ ተመለሱና መልሱን እንነግራችኋለን» አለ።

ሦስት ሳምንት!

በሩን መቼ እንደከፈትኩት አላውቅም። ሐምራዊ ቀሚሴ ላይ ዱቄት፣ እጄ ላይ ማማሰያ፤ ሽማግሌ ፊት ወጥቼ፣ «ቀጠሮ አያስፈልግም!» አልኩ።

እንዲህ ያደረገች ሴት በሶዶ የለችም፤ ወደፊትም አትኖርም። በኃይሉ ጣራ ጣራ አየ። አቶ ጩማ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ «እንግዲህ እንቀመጥ» አሉና ተቀመጡ።

መስከረም 11

ዛሬ መጣ። ከገሱባ በራሱ ባሕር ዛፍ የተጫነ አይሱዙ ላይ፣ ከሾፌሩ ጎን። በሩ ላይ ወርዶ ኮፍያውን አላወለቀም። «ሐመልማል» አለኝ። እትዬ የለ፣ እርስዎ የለ። «ፋሴ አለች?»

ከአልጋ ሥር አውጥቼ ሰጠሁት። ያንን ጉጣም ግንድ ለመስቀል ልፈልጠው ነው አለ። አይቻልም አልኩት። ሳቀ።

ማታ በኃይሉ ደወለ። ግዥው ስለተጠናቀቀ ደብተሩን ለፋይል አምጪ አለኝ። ጠፋብኝ አልኩት።

ዱቄት ዕቃው ክዳኑ ተከፍቶ ይጠብቃል፤ ይቺን መስመር ልጨርስና እከተዋለሁ።